የአዋሽ ሸለቆ መሬት፦ ለማን? በማን? በምን ሕግ?

ከፓርቲው ዋና ጸሐፊ

የተከበራችሁ የከተማ ነዋሪ መራጮች፣

ፓርቲያችን ለዚህ ምርጫ ካቀረባቸው አማራጭ ፖሊሲዎች መካከል የመሬት ፖሊሲያችን ከፍተኛውን ስፍራ ይይዛል። በዚህ ጽሑፍ ፖሊሲያችንን በአንድ ተጨባጭ ምሳሌ፣ ማለትም በአዋሽ ሸለቆ፣ ልናስረዳ እንወዳለን። «የወንዝ ዳር እርሻና የግጦሽ ጉዳይ እኛን የከተማ ሰዎች ምን አገባን?» የምትሉ ብትኖሩ ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው። በሸማቾች ማኅበር በር ላይ ተሰልፋችሁ በኮታ የገዛችሁት ስኳር፣ ከገበያ የምትሸምቱት ሽንኩርትና ቲማቲም፣ የአዳማ ነዋሪ ከቧንቧ የሚቀዳው ውኃ፣ ሁሉም ከዚህ ሸለቆ ጋር የተያያዘ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የአርብቶ አደሩን ግጦሽ ከባለቤቱ ነጥቆ ለሌላ የሰጠው የሕግ አስተሳሰብና፣ በከተማ ውስጥ ለፍታችሁ የሠራችሁትን ቤት «ቦታው ለልማት ይፈለጋል» ብሎ የሚያስነሣው የሕግ አስተሳሰብ አንድና ያው ነው። ስለዚህ ስለ አዋሽ ሸለቆ ስንናገር ስለ እናንተም ይዞታ መናገራችን ነው።

1. ሜዳው ባዶ አልነበረም

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ፣ በቆቃ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በአሚባራ፣ በገዋኔ፣ በዱብቲና በአሳይታ አድርጎ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር ላይ በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በዓመት የሚያፈስሰው ውኃ ከ5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያነሰ ሲሆን፣ ይህም ከአገሪቱ ወንዞች ጠቅላላ ውኃ ከመቶ አምስት እጅ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ ሰፋፊ የመስኖ እርሻ የተጀመረበትና ለረጅም ዘመን ከሁሉም ወንዞች ይበልጥ ለመስኖ የዋለው ይኸው አነስተኛ ወንዝ ነው።

ከዘመናዊው እርሻ በፊት ሸለቆው የራሱ የአጠቃቀም ሥርዓት ነበረው። በደጋው ክረምት ሲከብድ ወንዙ ሞልቶ በግራና በቀኝ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ሲጎድል ደለልና እርጥበት ትቶ ይሄዳል፤ በዚያ ላይ ሣር ይበቅላል። አፋሩ፣ ከረዩው፣ ጅሌውና ሌላውም አርብቶ አደር ዝናብ ባለ ጊዜ መንጋውን ከወንዙ አርቆ በደረቁ ሜዳና በተረተሩ ያሰማራል። በጋ ሲጠነክር ግን ወደ ወንዙ ይመለሳል። የትኛው ጎሳ በየትኛው ወቅት የት እንደሚሰማራ፣ ለእንግዳ መንጋ ማን እንደሚፈቅድ፣ ወደ ውኃ የሚወርደው መንገድ የት እንደሆነ በሽማግሌዎች የታወቀና የተጠበቀ ነው።

የብዙው ጥፋት መነሻ እዚህ ላይ ነው። በክረምት ወደ ስፍራው የሄደ ሹም ወይም መሐንዲስ ሜዳውን ሰው የሌለበት ሆኖ ያገኘዋል። ሰው የሌለበት ግን ባለቤት ስለሌለው ሳይሆን ሣሩ ለበጋ ስለሚጠበቅ ነው። ይህ ሜዳ ከጠቅላላው የግጦሽ ስፋት ትንሹ ክፍል ቢሆንም፣ ቀሪው ሰፊ ደረቅ መሬት የሚጠቅመው በበጋ የሚሸሹበት ይህ ክፍል ሲኖር ብቻ ነው። ስለዚህ ከወንዙ ዳር አሥር ሺህ ሄክታር የተወሰደበት አርብቶ አደር ያጣው አሥር ሺህ ሄክታር ብቻ አይደለም። ከዚያ ጋር ተያይዞ ይጠቀምበት የነበረውን ደረቅ መሬት ሁሉ አጥቷል።

2. የተለያዩ መንግሥታት፣ አንድ አስተሳሰብ

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። በአዋሽ ሸለቆ መጀመሪያ የተናቀው ባለቤቱ ነው፤ ንቀቱም በሕግ ተጽፎ ነው የመጣው።

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 የግጦሽ መሬቶችን ሁሉ የመንግሥት ሀብት አደረገ። በደጋው ርስተኛው በፍርድ ቤት ተከራክሮ የሚረታበት ርስት ሲኖረው፣ ቆላው ላይ ከብት የሚያረባው ዜጋ ግን በአንድ አንቀጽ በገዛ አገሩ የመንግሥት መሬት ላይ የተጠለለ እንግዳ ሆነ። በ1946 ዓ.ም. ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በወንጂ ስኳር ማምረት ጀምሮ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተሠራ፤ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለ ሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ሚቸል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በተንዳሆ ጥጥ አለማ፤ የመተሐራ ስኳር እርሻ የከረዩን የበጋ ግጦሽ ያዘ፤ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም በላዩ ተጨመረ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቅ በመጣ ጊዜ ክፉኛ ከተጎዱት መካከል አፋሮች ነበሩ። ዝናብ ሲጠፋ የሚሸሹበት የወንዝ ዳር በጥጥና በአገዳ ተይዞ ነበርና።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 ለሚሊዮኖች ጭሰኞች ነፃነት ያመጣ ታላቅ እርምጃ መሆኑን አንክድም። ይኸው አዋጅ ዘላኖች በልማድ በሚጠቀሙበት የግጦሽ መሬት ላይ የይዞታ መብት እንዳላቸው ደንግጎ ነበር። ሥራው ግን ሌላ ሆነ። የኩባንያዎቹ እርሻዎች ለአርብቶ አደሩ አልተመለሱም፤ የመንግሥት እርሻ ተብለው ሰፉ እንጂ። ባለቤቱ ከውጭ ኩባንያ ወደ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ አርብቶ አደሩ ባለበት ቀረ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ሆነ ለእርሻ መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይናገራል። በአንቀጽ 44 የተፈናቀሉ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሳ እንዲያገኙ፣ በአንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በሚመለከተው የልማት ፖሊሲ ላይ እንዲመከርበት ያዝዛል። እነዚህ መልካም ቃላት ናቸው። ነገር ግን በ1997 ዓ.ም. የወጣውና እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ በሥራ ላይ የቆየው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 በአንቀጽ 5 ንዑስ አንቀጽ 3፣ መንግሥት የመሬቱ ባለቤት በመሆኑ የወል ይዞታን እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታነት ሊያዞር እንደሚችል ደነገገ። በላይኛው ሕግ «አትፈናቀልም» የተባለው ሰው በታችኛው ሕግ «እንደ አስፈላጊነቱ» ተባለ። አስፈላጊነቱን የሚወስነው ደግሞ መሬቱን የሚፈልገው ወገን ራሱ ነው። ሕግ የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ ወገን ከሳሽም ዳኛም የሆነበት ሥርዓት መብት አይሰጥም።

በዚያው ዓመት የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 ካሳ የሚከፈለው በመሬቱ ላይ ለሰፈረ ንብረትና ለተደረገ ቋሚ ማሻሻያ ነው አለ። ይህ ለቋሚ ገበሬና ለከተማ ነዋሪም ቢሆን የጎደለ ነበር። ሀብቱ በእግሩ የሚሄድለት አርብቶ አደር ግን ቤቱ ተነቃይ፣ ሜዳው አጥር የሌለው ስለሆነ ለቆጣሪ ኮሚቴ የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 በአንዳንድ ረገድ የተሻለ መሆኑን፣ ለምሳሌ የአንድ ዓመት ገቢን በአሥር ማባዛት የነበረውን በአሥራ አምስት ማባዛት ማድረጉን እንመሰክራለን። ይሁንና ካሳው ቢጨምርም መሬቱን የሚወስደው ሰው «ለሕዝብ ጥቅም ነው» ያለውን ነገር በእርግጥ ለሕዝብ ጥቅም መሆኑን ገለልተኛ ዳኛ አስቀድሞ የሚመረምርበት አሠራር እስካልተረጋገጠ ድረስ ሥሩ አልተነቀለም። ይህ አስተሳሰብ ከንጉሡ ወደ ደርግ፣ ከደርግ ወደ ኢሕአዴግ፣ ከኢሕአዴግም በ2012 ዓ.ም. ወደ ብልጽግና ፓርቲ ሳይቋረጥ ተላልፏል።

3. የተገኘውና የጠፋው

«መሬቱ ቢወሰድም አገር ለምታለች» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል። እስቲ የለማውን እንመልከት።

የመጀመሪያው ምሳሌ ተንዳሆ ነው። የቀድሞው የጥጥ እርሻ አካባቢ 50 ሺህ ሄክታር አገዳ ይለማበታል ተብሎ በ1990ዎቹ ማብቂያ ግድብና ፋብሪካ ተጀመረ። ለተንዳሆ፣ ለፊንጫና ለወንጂ ከሕንድ 640 ሚሊዮን ዶላር የብድር መስመር ተከፈተ። በዱብቲ፣ በአሳይታና በአፋምቦ ወንዝ ዳር የነበሩ አርብቶ አደሮች ቦታ እንዲለቁ ተደረገ። ፋብሪካው በ2007 ዓ.ም. የሙከራ ምርት ጀመረ፤ የታሰበለትን ያህል ግን ከቶ አላመረተም። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ መንግሥት ራሱ ለሽያጭ ካቀረባቸው ስምንት ስኳር ፋብሪካዎች አንዱ ሆነ። በዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ መሠረት አገሪቱ በ2007 ዓ.ም. 2.25 ሚሊዮን ቶን ስኳር ታመርታለች ተብሎ ነበር። የተመረተው የዚህን ሩብ እንኳ አልሞላም። ብድሩን ግን የሚከፍለው በሙሉ ነው፤ ከፋዩም ግብር ከፋዩ የከተማ ሰው ጭምር ነው።

ሁለተኛው አሚባራ ነው። በመልካ ሰዲና በአሚባራ ሜዳ ለጥጥ ሲባል በሰፊው ውኃ ሲለቀቅ የማንጣፈፊያ ቦይ ሥራ በጊዜውና በበቂ መጠን አልተሠራም። ከመሬት በታች ያለው ውኃ ከፍ አለ፤ በፀሐይ ሲተን ጨው እያወጣ ላይ ላዩን ቀባው። በሺዎች የሚቆጠር ሄክታር ለጥጥም ለሣርም የማይሆን ጨዋማ ምድር ሆኖ ተተወ። በስፍራው የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል መኖሩን ልብ ይሏል። ዕውቀቱ በቅርብ ነበር፤ መሬቱ የሚመራው ግን በዓመታዊ የምርት ዕቅድ ነበር።

ሦስተኛው የመተሐራው በሰቃ ሐይቅ ነው። በ1950ዎቹ ከሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ የነበረው ይህ ጨዋማ ሐይቅ ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። አጥኚዎች ከሚጠቅሷቸው ምክንያቶች አንዱ ከአካባቢው የመስኖ እርሻ የሚሰርገው ውኃ ነው። ሐይቁ ግጦሽ ዋጠ፤ የጅቡቲን መንገድና የባቡር ሐዲድ ገፋ፤ ውኃው ወደ አዋሽ ሲለቀቅም ጨውን ለታችኞቹ ተጠቃሚዎች ያወርዳል።

አራተኛው ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ የተባለው መጤ ዛፍ ነው። በረሃማነትን ይከላከላል፣ ጥላና ማገዶ ይሆናል ተብሎ በደርግ ዘመን በመካከለኛው አዋሽ ተተከለ። አፋሮች «ደርጊ ሃራ»፣ የደርግ ዛፍ ማለታቸው ነው፣ ይሉታል። ከብቶች ፍሬውን በልተው ዘሩን በፋንድያቸው አዳረሱት፤ ጎርፍም ይዞት ወረደ። ዛሬ በአፋር ክልል ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር የሚበልጥ መሬት እንደ ወረረ ይገመታል፤ ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት ስፍራ ሣር አይበቅልም፣ መንጋም አያልፍም።

በዚህ ሁሉ ላይ ጎርፉ አለ። በላይኛው ተፋሰስ ደጋው ሲራቆት አፈሩ ወደ ቆቃ ይወርዳል፤ ግድቡ በደለል ሲሞላ የሚይዘው ውኃ ያንሳል። በታች ያለው የጎርፍ መተኛ ሜዳ ደግሞ በእርሻ ተይዞ በአፈር ግድብ ታጥሯል። ውኃው የሚተኛበት ስላጣ ወደ መንደርና ወደ ከተማ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት በአፋር ክልል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ያፈናቀለው ጎርፍ የዝናብ ብቻ ሳይሆን የመሬት አጠቃቀምም ውጤት ነው።

ይህ የአዋሽ ብቻ ዕጣ አይደለም። ከአዋሽ ያልተማረው መንግሥት ወደ ባሮ ሜዳ ወርዶ በ2003 ዓ.ም. በጋምቤላ ካሩቱሪ ለተባለው የሕንድ ኩባንያ 100 ሺህ ሄክታር በሄክታር በዓመት 20 ብር ለ50 ዓመት አከራየ። የወንዙን ሙላት ያላገናዘበው እርሻ በጎርፍ ተመታ፤ አብዛኛው መሬት ሳይለማ ቀረ፤ በ2008 ዓ.ም. ውሉ ተሰረዘ። ወንዙ ሲሞላ የት ድረስ እንደሚተኛ የአካባቢውን ሽማግሌ ጠይቆ መረዳት ይቻል ነበር።

4. የከተማው ሰው የሚከፍለው

የከተማ ነዋሪ በዚህ ጉዳይ ተመልካች አይደለም። የተንዳሆ አገዳ ሲከስር ስኳር በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ነጋዴው ይደብቃል፣ ወረፋው ይረዝማል። አርብቶ አደሩ ግጦሽ ሲያጣ ከብቱ ይሳሳል፤ የሥጋና የወተት ዋጋ በከተማ ይንራል። መሬቱን ያጣ ወጣት ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ወደ ሎጊያ፣ ወደ አዳማ፣ ወደ አዲስ አበባ ይመጣል፤ ሥራ ካጣው የከተማ ወጣት ጋር ተጨምሮ ሁለቱም በአንድ በር ላይ ይቆማሉ።

ከተማውም በበኩሉ ዕዳ አለበት። የአዲስ አበባ ፍሳሽ በአቃቂ ወንዝ ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽም ወደዚያው ነው። በ1957 ዓ.ም. ገደማ በቆቃ የታየው እምቦጭ በእንዲህ ያለ ቆሻሻ ይወፍራል። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ከማንኛውም አገልግሎት የመጠጥና የቤት ውስጥ ፍጆታ እንዲቀድም ያዝዛል። ነገር ግን ለታችኛው ሰው የሚደርሰው ውኃ የማይጠጣ ከሆነ ቅድሚያው ምን ይፈይዳል? ስለዚህ ለአርብቶ አደሩ መብት ስንጠይቅ የከተማውን ግዴታም አብረን እንጠይቃለን።

5. የተሻለ መንገድ እንዳለ ሸለቆው ራሱ ያሳያል

ተቃዋሚ ሁሉን ያጣጥላል እንዳይባል ያየነውን መልካም ነገርም እንናገራለን። በወንጂ ዙሪያ አገዳ አብቃይ ገበሬዎች ማኅበራት ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በገዛ ይዞታቸው አገዳ እያመረቱ ለፋብሪካው ያቀርባሉ። በክፍያና በውሳኔ ላይ ቅሬታ ቢኖራቸውም መሬቱ የእነርሱ ነው፤ ፋብሪካውም አገዳ ያገኛል። በፈንታሌ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ከአዋሽ በተጠለፈ ቦይ የከረዩ አርብቶ አደሮች ራሳቸው ሽንኩርትና ቲማቲም ማምረት ጀምረዋል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት በአውሳ በሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ዘመን አፋሮች ራሳቸው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ጥጥ አልምተው ለገበያ አቅርበዋል። «አርብቶ አደር እርሻ አያውቅም፤ ካልተነሣ ልማት አይመጣም» የሚለው አባባል በታሪክ የተሻረ ነው። ልዩነቱ ሰው በገዛ መሬቱ ላይ አልሚ ሆኖ በመቆየትና ከመሬቱ ተነሥቶ ተመልካች ሆኖ በመቅረት መካከል ነው።

6. ፓርቲያችን የሚያደርገው

አዋሽ ከአንድ በላይ ክልሎችን የሚያቋርጥ ወንዝ በመሆኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 መሠረት የውኃው አስተዳደር የፌዴራሉ መንግሥት ኃላፊነት ነው። ስለሆነም ፓርቲያችን ብትመርጡት የሚከተሉትን ያደርጋል፦

ሀ) ለአዋሽ ሸለቆ የመሬትና የውኃ አጠቃቀም ዕቅድ በሕግ ያወጣል። ለእርሻ፣ ለበጋ ግጦሽ፣ ለጎርፍ መተኛ፣ ለከተማ ማስፋፊያ የሚሆነው መሬት በካርታ ተለይቶ በየወረዳውና በየቀበሌው ይለጠፋል። ዕቅዱ በሕዝብ ፊት ሳይመከርበት አይጸድቅም፤ ከጸደቀም በኋላ በደብዳቤ ወይም በስልክ ትእዛዝ አይለወጥም።

ለ) የወል ግጦሽ በተጠቃሚው ማኅበረሰብ ስም ተመዝግቦ የይዞታ ማረጋገጫ ይሰጠዋል። ማኅበረሰቡ በስሙ የመክሰስና የመከሰስ ችሎታ ይኖረዋል። «መንግሥት ባለቤት ስለሆነ እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል ሐረግ በማናቸውም ደንብና መመሪያ እንዲኖር አንፈቅድም።

ሐ) ማናቸውም አዲስ የመስኖ ፕሮጀክት ለበጋ ግጦሽ የሚቀር ድርሻ፣ ወደ ወንዝ የሚወርድ የከብት መንገድና የማንጣፈፊያ ቦይ ከመጀመሪያው ዲዛይንና በጀት ካልተያዘለት ፈቃድ አያገኝም።

መ) የመሬት ኪራይ ውሎች በሙሉ ለሕዝብ ይፋ ይሆናሉ። በውሉ ጊዜ ያልለማ መሬት የሚመለሰው ለመንግሥት መሬት ባንክ ሳይሆን ለተወሰደበት ማኅበረሰብ ነው። በተንዳሆና በመሰል ስፍራዎች አገዳ የማይለማበት መሬት ላይ የመጀመሪያው ምርጫ የተፈናቀሉት ይሆናል።

ሠ) ፋብሪካ ወደ ግል ሲዛወር መሬቱና ውኃው አብሮ አይሸጥም። ገዥው አገዳውን የሚያገኘው ከአብቃይ ማኅበራት ጋር በሚፈጸም ውል ነው፤ ማኅበራቱም አክሲዮን እንዲኖራቸው ይደረጋል።

ረ) ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ መሬት ሲወሰድ የጥቅሙን እውነትነት አስቀድሞ ፍርድ ቤት ይመረምራል፤ ካሳው መሬቱ ከመለቀቁ በፊት ይከፈላል፤ የወል ግጦሽ ካሳም በመንጋው ላይ የደረሰውን ጉዳት ያካትታል። ይህ ደንብ ለገጠሩም ለከተማውም እኩል ይሠራል። ቤቱ የሚፈርስበት የአዲስ አበባና የአዳማ ነዋሪም እንደ አፋሩ ሁሉ ዳኛ ፊት የመቆም መብት ይኖረዋል።

ሰ) ፍሳሹን ሳያጣራ ወደ አቃቂና ወደ ሞጆ ወንዞች የሚለቅ ፋብሪካ የጊዜ ገደብ ተሰጥቶት ማጣሪያ እንዲሠራ፣ እምቢ ካለ እንዲዘጋ ይደረጋል። ማዘጋጃ ቤቶችም በዚሁ ሕግ ይጠየቃሉ።

እነዚህ ሰባት ነጥቦች ሕገ መንግሥቱን ማሻሻል አይጠይቁም። የሚጠይቁት በወረቀት ያለውን አንቀጽ 37፣ 40፣ 43 እና 44 በሥራ ማዋል ነው። መሬት በግል፣ በወልና በመንግሥት ባለቤትነት እንዲያዝ የሚለው የፓርቲያችን መሠረታዊ አቋም ግን የአንቀጽ 40 ማሻሻያ ይፈልጋል። ይህ ደግሞ በአንቀጽ 105 መሠረት የሁሉንም ክልል ምክር ቤቶች ድምፅና በሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሚሻ ነው። በአንድ ምርጫ በአንድ ሌሊት የሚሆን ነገር አይደለምና እንደዚያ ብለን ቃል አንገባም። የምንገባው ቃል የመጀመሪያውን ሥራ ወዲያው እንደምንጀምር፣ ሁለተኛውን በአደባባይ ክርክር እንደምናስቀድም ነው።

7. ለሁለት ተቃውሞዎች መልስ

«መሬት በግል ከተያዘ ገበሬው ይሸጣል፣ ጭሰኝነት ይመለሳል፣ ከተማው በተፈናቃይ ይሞላል» ይባላል። በመጀመሪያ ደረጃ ከአዋሽ ሸለቆ የተፈናቀለው ሕዝብ መሬቱን ሸጦ አይደለም፤ አንድም ሳንቲም ሳይዝ ነው የተነሣው። መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ በሆነበት ዘመን ከዚህ የበለጠ መፈናቀል ምን ሊመጣ ይችላል? በሁለተኛ ደረጃ የወንዝ ዳር የበጋ ግጦሽ በባሕርይው በጋራ የሚያዝ በመሆኑ የእኛ ሐሳብ በግል ከፋፍሎ መሸጥ አይደለም። በወል ባለቤትነት ይመዘገባል፤ አይሸጥም፤ ለተወሰነ ጊዜ ማከራየትም የሚቻለው በማኅበረሰቡ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ብቻ ነው።

ሁለተኛው «ምክክርና ክርክር ካበዛን ልማት ይዘገያል» የሚለው ነው። ምክክር ጊዜ እንደሚወስድ እናውቃለን። ሳይመከርበት የተጀመረው የተንዳሆ አገዳ ግን ስንት ዓመት ወሰደ? በአሚባራ ጨው የበላው መሬትስ መቼ ይመለሳል? አንድ ዓመት ከሽማግሌው፣ ከመሐንዲሱና ከአፈር ባለሙያው ጋር በመምከር የሚያልፍ ጊዜ ሃያ ዓመት በብድር ዕዳ ከመኖር ይረክሳል።

የተከበራችሁ መራጮች፣

ይህ ምርጫ ስኳር ነገ እንዲረክስላችሁ አያደርግም፤ እንደሚያደርግ የሚነግራችሁ ቢኖር አትመኑት። የሚወስነው ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ። መሬትን የያዘ ዜጋ፣ በአሳይታ ከብት የሚያረባውም ሆነ በመርካቶ ሱቅ ያለው፣ ለሹም ደጅ የሚጠና ሆኖ ይቀጥል ወይስ በሕግ ፊት ባለመብት ይሁን የሚለውን። የአፋሩ ሜዳ ባዶ ነው ሲባል ዝም ካልን፣ ነገ የእኛም ቦታ ባዶ ነው ሲባል የሚጮኽልን አይኖርም።

ካርዳችሁን አውጡ፤ በምርጫው ቀን በጠዋት ወደ ምርጫ ጣቢያችሁ ሂዱ፤ የምትቃወሙትንም የምትደግፉትንም በነፃነት መዝኑ፤ ከዚያም ድምፃችሁን ለፓርቲያችን ስጡ።

መሬት ለባለይዞታው፣ ውኃ ለሁሉም፣ ዳኝነት ለሕግ!